የተነከሰው የጣቢያ አለቃ

ባለቤቴ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም። ሐኪሞቹ የሰውን አፍ ለክተው ይልኩለታል፤ እሱ ጓሮ ባለችው ክፍል ቁጭ ብሎ ከጄሶና ከሰም እየቀረጸ ጥርሱን ከነድዱ ሠርቶ ይመልስላቸዋል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው ዓይኑን ሳይሆን አፉን ነው የሚያየው። ስም ይረሳል፤ ጥርስ ግን አይረሳም። «ያ የታች የፊት ጥርሱ የተሸረፈው ሰውዬ» ይለኛል፣ እኔ ስሙን አስታውሼ እነግረዋለሁ፤ እንዲህ እየተጋገዝን ነው የምንኖረው። እኔንም የመረጠኝ ጥርሴን አይቶ ነው። እንደ በቅሎ ገዢ ነው ያገባኸኝ ስለው ይስቃል እንጂ አያስተባብልም።

እንግዲህ ይሄ መተዳደሪያው አስመስሎ መሥራት የሆነ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ተመስሎ የተሠራ ነገር ማየት አይወድም። ስለ ሁሉም ነገር አይደለም የማወራው። መጋረጃው ምንም ይሁን፣ ብርጭቆው ከየትም ይምጣ፣ ደንታ የለውም። የማወራው ስለ ጠረጴዛው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቅ ዘርግታ የምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ያስፈልጋታል፤ ይሄን ለማወቅ መማር አያሻም። ሳሎናችን መስኮት ሥር እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አለ፤ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ብርሃን የሚያገኝ። እኔ ግን የምቆርጠው አልጋዬ ላይ ነው። ስንቱን አንሶላ ከሰው ቀሚስ ጋር አብሬ ቆርጬዋለሁ። ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ የባቡር ጣቢያ አለ።

የመጫወቻ ጣቢያ ነው። ቀይ ጣሪያ ያለው የቆርቆሮ ቤት፣ የመንገደኛ አግዳሚ ወንበር፣ የመብራት ምሰሶዎች፣ ባቡሩን ቁም ወይም እለፍ የሚለው ምልክት፣ የውሃ ታንከር በአራት እግሩ ቆሞ፣ ባቡር ሲያልፍ መንገድ የሚዘጋው ጋድም እንጨት። ሁሉም አሮጌ ነው፤ ሁሉም አባቱ ድሮ ከገዙለት ዓይነት ነው። አንድ መብራት ከጎደለ የዚያኑ ዘመን መብራት እስኪያገኝ ድረስ ቦታው ባዶ ይቆያል። ሻጮቹ ቅጂውን ያሳዩታል። አዲስ ነው፣ በቁመትም በቀለምም አንድ ነው፣ እንዲያውም ይበራል፤ የድሮው አይበራም። እሱ ግን ገልብጦ ሆዱን ያያል። የድሮው ቆርቆሮው በጥርስ በጥርስ ታጥፎ ነው የተያያዘው፤ የአሁኑ ከሥሩ ብሎን አለው። ብሎኑን ሲያይ እንደ ተበላሸ ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ ይመልስላቸዋል። ማን ነው ጣቢያ ገልብጦ ሆዱን የሚያይ፣ ከላይ ካማረ ምን ጎደለህ ብዬ ስንት ጊዜ ተከራከርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ነው መልሱ።

ጉዱ ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጣቢያው ባቡር የለውም። ሐዲድ አለ፣ ባቡር የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጎንብሶ አይቶ አይቶ ባቡሩስ ይላል። ባለቤቴ ይመጣል ይላል። እኔ ያኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩን ስለማውቀው ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩን ከነጣቢያው የገዙት አባትየው ናቸው፤ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለሁለታችሁ ብለው። ሁለቱ ወንዶች አብረው ተጫወቱበት፣ ተደባደቡበት፣ አደጉ። ታላቁ ፀጉር አስተካካይ ሆነ፤ የእኔው ጥርስ መሥራት ተማረ። አባትየው ሲያርፉ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ ተከፋፈለ፤ ባቡሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት ሙሉ ሰዎች እንደ ሕፃን ተጣሉ። ታላቁ የበኩር ልጅ እኔ ነኝ አለ። የእኔው ስጠርገውና ዘይት ስቀባው የኖርኩት እኔ ነኝ አለ። እናትየው፣ አማቴ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሐዘናቸው ሳይበርድ ይሄን መስማት አንገሸገሻቸው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው ከፈሉት። «የሚሄደው ለአንተ፣ የሚቆመው ለአንተ» አሉ። ባቡሩና ፉርጎዎቹ ለታላቁ፣ ጣቢያው ለታናሹ ማለት ነው። ባቡር ያለ ጣቢያ፣ ጣቢያም ያለ ባቡር ምን ይረባል፤ ወደዱም ጠሉም ይገናኛሉ ብለው ነው። ሞኝ አልነበሩም፤ የልጆቻቸውን ግትርነት ግን አሳንሰው ገመቱት።

አንድ ነገር ሳይከፈል ቀረ፤ የጣቢያው አለቃ። ከእርሳስ የተሠራ፣ ጣት የምታህል ሰውዬ፣ አረንጓዴ ቆብ ያደረገ፣ ባንዲራ የያዘ እጁን ያነሳ። እሱ የሚሄድ ነው ወይስ የሚቆም? ታላቁ እግር አለው፣ ስለዚህ ይሄዳል አለ። የእኔው ጣቢያውን ጥሎ የሚሄድ የጣቢያ አለቃ የት አየህ አለ። ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ታላቁ ሰውዬዋን አንስቶ ኪሱ ከተታት። የእኔው ሌባ አለው። ታላቁም እዚያው የመለሰለትን ቃል ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልረሳም፤ «አንተ የፎርጅድ ጥርስ ሠሪ፣ ስለ ኦርጅናል ምን ታውቃለህ?»

አያችሁ፣ ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም ብሎ ወጣ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን ተረት እነዚህ ሁለቱ ለራሳቸው የተተረተ አድርገውት ቁጭ አሉ። አማቴ ሲታመሙ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው አስታመሙ፤ ከአልጋው በላይ ግን አንዲት ቃል አላለፈችም። ሰፈራችን ከታላቁ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ሱቁ ያለበትን መንገድ ባለቤቴ ዞሮ ነው የሚሄድ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ አንደኛው በድንገት ይሞትና ሌላኛው በመቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ የሚያለቅስበት ቀን። ያን ቀን ከማየቴ በፊት እነዚህን ሰዎች በጆሮአቸው ጎትቼ ባገናኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ፤ ግን እግርና እግርም ይጋጫል ብዬ ስጀምር ነው ተነስቶ ወደ ጓሮ የሚሄደው።

መንገደኛ ባቡር የሚጠብቅበት የጣቢያው መድረክ እንግዲህ ያለ አለቃ ቀረ። ቅጂ የጣቢያ አለቃ እንደ ልብ ነው፤ እሱ ግን ያ ቃል ከጆሮው ስላልወጣ ሁሉንም መለሳቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ ሻጩ ደወለለት። ይሄን ሻጭ ሰፈሩ ሁሉ አቧራው ነው የሚለው፤ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ሳያስነጥስ የወጣ ሰው ስለሌለ። ሁለት የጣቢያ አለቆች ገብተውልኛል፣ መጥተህ ምረጥ አለው። ባለቤቴ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። እኔም ነጠላ ጫማዬን በሌላ ቀይሬ ተከተልኩት፤ ብቻውን ከሄደ የሱቁን ዕቃ ሁሉ ሲገለብጥ እንደሚመሽበት አውቃለሁ።

አቧራው ሁለቱን መስታወቱ ላይ አቁሞ ጠበቀን። አንዱ ቅጂ ነው፤ አልደበቀንም፣ በድሮው አምሳል ዘንድሮ የተሠራ ነው አለን። ቆቡ አረንጓዴ፣ ባንዲራው ቀጥ ያለ፣ ዓይንና ቅንድብ ሳይቀር የተሣለለት። ሌላው የድሮው ነው፤ ድሮነቱም ያስታውቃል። ቀለሙ ተላልጧል፣ እጁ ወደ ታች ታጥፏል፣ ወገቡ ላይ ደግሞ ጉድጓድ ጉድጓድ ብሎ ተቆርጥሟል። አቧራው ሐቀኛ ሰው ነው። ይሄን ውሻ አኝኮታል፣ እኔ እንኳ ለሌላ ሰው ካልሆነ ለአንተ አልሸጠውም፣ አዲሱን ውሰድ ብሎ መከረው። እኔም ከአቧራው ጋር ተስማማሁ። ተው ግዴለህም አዲሱን ውሰድ፣ ይሄ እኮ ከጦርነት የተመለሰ ነው የሚመስለው፣ ጣቢያህን ያስፈራብሃል አልኩት።

ባለቤቴ አዲሱን ገልብጦ እግሩ ሥር ያለውን የፋብሪካ ምልክት አይቶ መለሰው። አሮጌውን አነሳ። ያዘነ መሰለኝ፤ ኦርጅናል ሲፈልግ ኖሮ የተበላሸ ስላገኘ። የሥራውን አጉሊ መነጽር ከኪሱ አወጣና ጉድጓዶቹን ያይ ጀመር። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። የአውራ ጣቱን ጥፍር በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ አስገባ፣ አወጣ፣ በቀጣዩ አስገባ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ባለቤቴ ሲናደድም ሊያለቅስ ሲልም የሚቀላው ጆሮው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ያኔ አልለየሁም።

«ውሻ አይደለም» አለ።

አቧራው አይጥ ነው እንዴ ታዲያ ብሎ ጠየቀው።

«ወንድሜ ነው።»

አቧራው እኔን አየኝ። እኔም አቧራውን አየሁት። ባለቤቴ የበሩን መቃን ተደግፎ ነገረን። ልጆች ሆነው ለዚህች ሰውዬ ሲታገሉ፣ ባለቤቴ የታላቁን ሁለት እጅ ቢይዘው ጊዜ ታላቁ ሰውዬዋን አፉ ውስጥ አስገብቶ በጥርሱ ነከሳት። ባለቤቴ በእግሯ ይዞ ቢጎትት አልለቅ አለው፤ እናታቸው መጥተው እስኪገላግሏቸው ድረስ አልለቀቀም። ታላቁ የላይኛው ክራንቻ ጥርሱ ከጎረቤቱ ላይ ተደርቦ፣ ትንሽ ዞር ብሎ የወጣ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ በተርታ አርፈውበታል፣ ክራንቻው ግን ከተርታው ወጥቶ በጎን ገብቶበታል። ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን የሰው ጥርስ ሲያነብ ኖሮ የወንድሙን ንክሻ እንዴት ይሳተዋል።

ማን ነው ያመጣው አለ። አቧራው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው አለ፤ የአፍ መሸፈኛ ያደረጉ፣ ሰው ሁሉ ከጣለው በኋላ እሳቸው ያልጣሉት። ሲናገሩ ነፋስ ይበዛበታል፣ ግማሹን አልሰማኋቸውም፤ ዋጋ ስነግራቸው ግን ሳይከራከሩ አስቀምጠው ሄዱ አለ። ባለቤቴ የአሮጌውን ዋጋ ከፍሎ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ውስጥ ኪሱ ከተተው።

ቤት ስንገባ ነው የፈነዳ። ሸጠው አለ። ለእኔ አልሰጥም ያለውን፣ ወንድሙን የከለከለውን፣ ለአቧራ ሸጠው! ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። እኔ ጨርቄን እያጣጠፍኩ እስኪበርድለት ጠበቅኩና ስለ አፍ መሸፈኛው ጠየቅኩት። ከላይ ምንም ጥርስ የለውም ማለት ነው አለኝ፤ ነፋሱ በፊት በኩል የሚወጣው ለዚያ ነው። እያወቀው ነው እንግዲህ የሚንጎራደደው። ያ በወሬው ሰፈሩን ሲያስቅ የኖረ ሰው፣ ደንበኞቹ ፀጉራቸው ሳያድግ ጨዋታውን ብለው ይሄዱለት የነበረ ሰው፣ አፉን ሸፍኖ ይኖራል፤ ወንድሙ ጥርስ ሠሪ ሆኖ! አንጀቴ አረረ። ሄደህ ሥራለት ብለው አልጠየቀኝም፣ ከፈለገ በሬ ክፍት ነው አለኝ። ያኔ ጨርቄን አስቀመጥኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «እሱ አፉን ሸፍኖ፣ አንተ አፍህን ዘግተህ ልትሞቱ ነው? በእናንተ ዘር ከእኔ ከባዳዋ በቀር የሚናገር ሰው የለም?»

ሰውዬዋን ጣቢያው ላይ ያቆማታል ብዬ ነበር፤ አላቆማትም። ጓሮ ወስዶ ሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ የሰው መንጋጋ የጄሶ ቅርጽ ከተደረደረበት አጠገብ አስቀመጣት። መድረኩ ባዶውን ቀረ። ሥራ እየሠራ ቀና ይልና ያያታል፣ ተመልሶ ያቀረቅራል። ሲያኮርፍ ብዙ አይቼዋለሁ፤ ይሄ ግን ኩርፊያ አልነበረም።

አንድ ማለዳ መስታወት ፊት ቆሞ ፀጉሬ አድጓል አለኝ። መላጣ ነው። ከጆሮው በላይ ዙሪያውን ያለችው ቀለበት ናት ፀጉሩ። አዎ፣ ትከሻህ ላይ ወርዷል፣ ዛሬውኑ መቆረጥ አለብህ አልኩትና ሻሼን አስሬ ቀድሜው በሩ ላይ ቆምኩ። ለምን ትመጫለሽ አላለኝም።

የወንድምየው ሱቅ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ናት። ድሮ ከመንገድ ማዶ ሳቁ ይሰማ ነበር፤ ያን ዕለት የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነው። ጋሼ፣ እኔ ከድሮም ጋሼ ነው የምለው፣ ሽበቱ ብዛቱ፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መሸፈኛው አፉን እስከ አገጩ ሸፍኖለት ቆሟል። ወንድሙን በመስታወቱ ውስጥ አየው። ዞሮ አላየውም። ነጩን ጨርቅ አራገፈና ባዶውን ወንበር በእጁ አሳየ፤ የእኔው ተቀመጠ። ለእኔ በራሱ ሰላም አለኝ። ጥርስ ባዳ ነው፤ ልቤ እየደማ ፈገግ አልኩለት።

ያቺን ፀጉር ለመቁረጥ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው አላየሁም። መቀሱ ይንጫጫል፣ የሚወድቅ ነገር የለም። እኔ አግዳሚው ላይ መጽሔት ይዤ አንዲት ቃል አላነበብኩም። ከዚያ ምላጭ አንስቶ የማጅራቱን ፀጉር ሊያነሳ ሲጀምር፣ የባለቤቴ እጅ ከጨርቁ ሥር ወጣች። ሰውዬዋን መስታወቱ ሥር፣ በማበጠሪያዎቹ መካከል አቆማት።

ምላጩ ቆመ። ሬዲዮው የሆነ ማስታወቂያ ይለፈልፋል። ጋሼ ምላጩን አስቀመጠና ሬዲዮውን ዘጋው።

«አገኘኸው?» አለ። እውነትም ነፋስ ይበዛበታል።

«ሸጥከው» አለ ባለቤቴ።

«እሱ ሱቅ ከአንተ ሌላ ማን ይገባል? ከአንተ ሌላስ ይሄን ማን ይገዛዋል?» አለው ጋሼ።

ባለቤቴ ይሄኔ ነው የገባው። አልሸጠውም ኖሯል፤ ልኮለት ነው። አፍ አውጥቶ መናገር ያቃተው ሰው ሰውዬዋን አውሪልኝ ብሎ ልኳት ነው። እኔ ደግሞ አግዳሚው ላይ ሆኜ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው በር አንኳኩተው አያውቁም እያልኩ እንባዬን እጠርጋለሁ።

ባለቤቴ ታዲያ ለምን ራስህ አልመጣህም አለው።

«በምን አፌ?» አለ ጋሼ። መሸፈኛውን ከአፉ ላይ አወረደው። ከላይ ባዶ ድድ፣ ከታች ጥቂት ያረጁ። «ፎርጅድ ሠሪ ብዬ ሰድቤህ፣ ፎርጅድ ሥራልኝ ልበልህ?»

ባለቤቴ ነጩን ጨርቅ እንዳሰረ፣ ማጅራቱ ግማሽ እንደ ተላጨ ከወንበሩ ተነሳ። ይቅርታም አላለም፣ አልተሳሳሙም። የወንድሙን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ሥራ ላይ እንደሚያደርገው።

«ክፈት ጋሼ» አለው።

ጋሼም ከፈተ። ዕርቃቸው ይኸው ነበር።

የድዱን ልክ ያነሳችው ሥራ የምትልክለት ሐኪም ናት። ባለቤቴ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ ተቀመጠበት። መጀመሪያ በሰም የደረደረለት ጥርስ ልቅም ያለ ነበር፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰው ሁሉ የሚመኘው። ጋሼ ለሙከራ አድርጎት በመስታወት አየና አመሰገነ። ሴት ልጁ አብራው መጥታ ነበርና አባዬ ወጣት ሆንክ ብላ አጨበጨበች። ለእኔ ግን ጋሼ ጋሼን አልመሰለኝም፤ መድኃኒት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የጥርስ ሳሙና ሰውዬ መሰለኝ። ባለቤቴም አየው፣ አየውና ቀለሙ አልተስማማኝም ብሎ መልሶ ወሰደው። ውሸቱን ነው፤ ቀለሙ ምንም አልነበረበትም።

በማግስቱ ሻይ ይዤለት ስገባ የጣቢያው አለቃ መብራቱ ሥር ተጋድሟል። የሰሙን ጥርስ እየነቀለ በሰውዬዋ ወገብ ላይ ካለው ንክሻ ጋር ያስተያያል። አንዷን ይተክላል፣ ይለካል፣ ይነቅላል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው የተጣመመውን አቅናልኝ እያለ ነው የሚልክለት፤ አሁን የቀናውን ሊያጣምም ላብ በላብ ሆኗል። ክራንቻውን ከጎረቤቱ ላይ ደረበው፣ ዞር አደረገው፣ ከጉድጓዱ ጋር አስተያየው፣ ገና ነው አለ። ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ። ነጩንም ቀለም ለሸበተ ሰው አይሆንም ብሎ ወደ ቢጫ ወሰደው።

ያለቀለት ቀን ጋሼ ሳሎናችን መጣ። ጥርሱን ተቀብሎ አጠለቀና መስታወቱን አነሳ። ጣቱን አስገብቶ ክራንቻዋን ዳሰሳት፣ ከንፈሩን ሰብስቦ ለቀቀ፣ እንደገና ዳሰሳት። እኔ ደስ አላለውም ብዬ ሰጋሁ።

«ይሄን ማን ነገረህ?» አለው ወንድሙን። ነፋሱ የለም፤ ድሮ የማውቀው ድምፁ ነው የወጣው።

ባለቤቴ የጣቢያውን አለቃ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ጋሼ ሰውዬዋን አገላብጦ አየ፣ ወገቧን አፉ ውስጥ አስገባና ነከሳት። ልክ ገባች። ክራንቻው በክራንቻው ጉድጓድ፣ ሌሎቹም በየቦታቸው። ባለቤቴ በእግሯ ያዛትና ጎተተ። ጋሼ አልለቅም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ እዩልኝ፤ ሁለት የሸበቱ ሽማግሌዎች በሳሎኔ መካከል ጣት በምታህል ሰውዬ ይጓተታሉ። ኧረ ተው ጥርሱ ይሰበራል አልኳቸው።

«አይሰበርም» አለ ባለቤቴ። እየሳቀ ነው፣ እንባው ደግሞ በጢሙ ይወርዳል፣ እጁ ይጎትታል። «እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት።»

ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ የለቀቀው ባለቤቴ ነው።

አሁንማ ሰውዬዋ መድረኳ ላይ ትቆማለች፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የተጠበቀችው ኦርጅናል መጣች ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን ወንድሙ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን አጠፈለት። እግር አለው ብለህ አልነበር፣ የሚሄደው የአንተ ነው አለው። ጋሼ ሰውዬዋን ኪሱ ከተታት፤ ልክ እንደ ድሮው።

ከሰንበት በኋላ ጋሼ የባቡሩን ሳጥን ታቅፎ፣ ልጁ ፉርጎዎቹን ተሸክማ መጡ። ጣቢያውን ድሮ ከተከፈለ ወዲህ አይቶት አያውቅም። በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ ብሎ ዞረ፤ የውሃውን ታንከር ነካ፣ ቀዩን ጣሪያ ነካ፣ አግዳሚውን አይቶ «የአባባ አግዳሚ» አለ። መድረኩ ጋ ሲደርስ ቆመ። መድረኩ ላይ ቆቡ አረንጓዴ፣ ባንዲራው ቀጥ ያለ፣ ቅንድቡ የተሣለለት የጣቢያ አለቃ ቆሟል። እኔም ገና ማየቴ ነው። ባለቤቴ ለእኔ ሳይነግረኝ አቧራው ዘንድ ተመልሶ ያንን የመለሰውን ገዝቶታል።

ጋሼ አነሳው። እንደ ወንድሙ ገለበጠና ከእግሩ ሥር ያለውን ምልክት አየ።

«ይሄ እኮ ፎርጅድ ነው» አለ።

«ጥርስህስ?» አለው ባለቤቴ።

ጋሼ አለቃውን ቦታው መልሶ፣ አፉን ሳይሸፍን፣ ያቺ ክራንቻው እስክትታይ ድረስ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ አጎንብሰው ባቡሩን ሐዲዱ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። እኔም ቀሚሴን ልቆርጥ ወደ አልጋዬ ሄድኩ፤ ጠረጴዛውማ ከእንግዲህ ጭራሽ አይገኝም።